የድሮ ልጅ ጨዋ ነበር ወይስ ፈሪ?

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል በየዓመቱ የማይቀር ንትርክ አለ። ተማሪዎች «ክሬዚ ደይ»፣ «ከለር ደይ» እያሉ ልብስ ገልብጠው ይለብሳሉ፣ ቀለም ይረጫጫሉ፣ ደብተር ይቀዳድዳሉ። ቪዲዮው ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ከሥሩ የሚጻፈውም የታወቀ ነው። «የዘንድሮ ልጅ አበቃለት።» «እኛ እኮ እንዲህ አልነበርንም።» «ሥርዓት ድሮ ቀረ።»

ይህን የሚሉ ሰዎች ፈጥረው አያወሩም። የድሮ ልጅ ለታላቅ ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። ሲላክ ይሮጣል፣ ሲቆጡት አይመልስም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልለን መናፈቃችን ነው። አንደኛው በእርግጥም የሚናፈቅ ነው። ሌላኛው ፍርሃት ነው።

እንግዳ ሲመጣ የነበረውን እናስታውስ። ልጅ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በአንድ እጁ ጆግ በሌላው ማስታጠቢያ ይዞ እጅ ያስታጥባል። ጎንበስ ብሎ ጉልበት ይስማል። ከዚያ ጥግ ይዞ ይቆማል ወይም ጓዳ ይገባል። እንግዳው «ና ላጉርስህ» ካለው መጀመሪያ የሚያየው የእናቱን ዓይን ነው። ዓይኗ ከፈቀደ ይጎርሳል። ካልፈቀደ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እህል ባይቀምስም «ጠግቤያለሁ» ይላል። እንግዳው «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ይባረክ» ብሎ ይመርቀዋል። ያጠፋ እንደሆነ በሰው ፊት ማንም አይናገረውም። እናቱ ጠጋ ብላ ጭኑን ቆንጠጥ ታደርገውና «ቆይ፣ እንግዶቹ ይሂዱ» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ የሚያስበው ስለ እንግዶቹ መሄድ ብቻ ነው።

እጅ ማስታጠቡ፣ ለሰው ጎንበስ ማለቱ ያማረ ነገር ነው። ዛሬም ለልጆቻችን ብናወርሰው ደስ ይለኛል። «ጠግቤያለሁ» ያለው ልጅ ግን ርቦታል። ያስተማርነው የሚሰማውን መደበቅ ነው። ከዚያም አልፎ ለመደበቁ መርቀነዋል።

ያ ፍርሃት ከሰማይ አልወረደም። አርጩሜ ነበር፣ ቀበቶ ነበር፣ በርበሬ ማጠን ነበር። በየኔታ እጅ አለንጋ፣ በዩኒት ሊደሩ እጅ ጎማ ነበር። ጠጠር ላይ ማንበርከክ ነበር። ዛሬ ይህን ሰብሰብ ብለን እየሳቅን እናወራዋለን። «ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» እንላለን። ይህን አባባል መቀበል አልችልም። ዱላውን ሸሽቶ ከትምህርት ቤት የቀረው፣ ከቤት ጠፍቶ ጎዳና የወጣው ልጅ እዚያ ጨዋታ ላይ የለም። ታሪኩን የምንሰማው ከተረፉት ብቻ ነው።

ደግሞም «የድሮ ልጅ» ያልነውን ትውልድ የራሱ ጊዜ ሽማግሌዎች ጨዋ አላሉትም። የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች ያደጉት በዚያው በሚያስፈራ ቤት ነው። ጉልበት ስመው፣ እጅ አስታጥበው ነው ያደጉት። አፍሮ አበጥረው፣ ሚኒስከርት ለብሰው ሲታዩ «ዘመኑ ተበላሸ» የተባለው በእነሱ ላይ ነው። ዛሬ ስለ ዘንድሮ ልጅ የሚያማርሩ አያቶች ያኔ የሚታሙት እነሱ ነበሩ።

የሚናፈቀው ነገር ሌላ ነው። ሰፈር ነው።

ድሮ አንድ ልጅ ሲላክ የላኩት እናትና አባቱ ብቻ አልነበሩም። መንገድ ላይ ያገኙት ሁሉ ይልኩታል። አዋቂው መሬት ላይ እንትፍ ይልና «ይህ ምራቅ ሳይደርቅ ተመለስ» ይለዋል። ልጁ ሱቅ ደርሶ እያለከለከ ይመለሳል። የሚያገኘውም «እደግ፣ ተመንደግ» የሚል ምርቃት ነው። ያ አዋቂ ልጁን በስሙ ይጠራዋል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ ባለፈው ሳምንት ለምን እንዳልታየ ያውቃል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ ካልገባች ጎረቤት አስገብታ ታበላዋለች። ልጁ ሥርዓት ያዘ ስንል እኮ አንዱ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። የሚያየው ሰው ነበረው። ማንን እንደሚያሳፍር ያውቅ ነበር።

አሁን ብዙዎቻችን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነን። ነባሩ ሰፈር ፈርሶ ሰዉ ሲበተን በቡና ይገናኙ የነበሩ ጎረቤቶች አንዱ የካ አባዶ፣ ሌላው ጀሞ ደረሰው። ደረጃ ላይ የምናገኘውን ልጅ ስም አናውቅም። ቢያጠፋ «ተው» ለማለት እንፈራለን፣ እናቱ «ምን አገባህ» ትላለች ብለን። እናትና አባት ጠዋት ወጥተው ማታ በታክሲ ሰልፍ ደክመው ይገባሉ። ልጁ የሚውለው ከሞግዚትና ከስልክ ጋር ነው። ስልኩን ደግሞ ዝም እንዲልልን የሰጠነው እኛው ነን። ታዲያ ሰላምታ የት ይማር? ከማን ጋር ይለማመድ? አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችንም የሚያነሱት ቅሬታ ከዚሁ ጋር ይገናኛል። «እዚህ ልጅ አይመታም፣ ፖሊስ ይጠራል» ይላሉ። የጎደላቸው ግን ዱላው ሳይሆን አያት፣ አክስትና ጎረቤት ይመስለኛል።

የአዋቂዎችን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቲክቶክ ላይ ማታ ማታ ላይቭ ገብተው እናት የሚሰድቡት የ10 ዓመት ልጆች አይደሉም። ሽማግሌን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ እያዋረደ አስተያየት የሚጽፈው ሰው ብዙ ጊዜ የልጆች አባት ነው። ልጅ ደግሞ ከምንነግረው ይልቅ የምናደርገውን ይይዛል።

«ታዲያ ልጅ እንዳሻው ይሁን ነው የምትለው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ልጅ መከልከል አለበት፣ መመከር አለበት፣ ሲያጠፋ የሚቀርበት ነገር መኖር አለበት። ግን ያለ ዱላ ሥርዓት ማስተማር እንደሚቻል እዚሁ አገራችን ታይቷል። አባባ ተስፋዬን ያየ ያውቃል። ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ተናግረዋል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ አገር ምድሩ ልጅ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ተሰብስቦ ጸጥ ይል ነበር። የምናስታውሳቸው በድምፃቸውና በፈገግታቸው ነው። ልጆቹ ዝም የሚሉት ተረቱ እንዳያመልጣቸው ነበር።

ሕጉም ቢሆን መንገዱን ጀምሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በልጆች ማሳደጊያ ልጅን መምታት ይከለክላል። ቤት ውስጥ ግን ወላጅ ለማረም ብሎ እንዲቀጣ የወንጀል ሕጉ አሁንም በር ይተዋል። ያን በር የምንዘጋበት ቀን ሩቅ ባይሆን እመኛለሁ።

ይህን ያህል የምጨነቀው ዝምታው ብዙ ልጅ ስለጎዳ ነው። ድሮ ከሁሉ በላይ «ጨዋ» እየተባለች የምትመሰገነው ልጅ ማን ነበረች? ብዙ ጊዜ ከገጠር «ትማራለች» ተብላ የመጣችው የዘመድ ልጅ ናት። «ድምጿ እንኳ አይሰማም» ይባልላታል። መጨረሻ የምትተኛ፣ መጀመሪያ የምትነሳ እሷ ናት። ቤት ውስጥ የሚደርስባትን ብትናገር ማን ያምናታል? ወይም ደግሞ አባቷ ለማታውቀው ሰው ሲድራት አንገቷን ደፍታ የሰማችው ናት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር። ዕድሜው ወደ 18 ከፍ ያለው በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በገጠሩማ ከ15 ዓመት በታችም ብዙዎች ተድረዋል። እነዚያ ልጆች እምቢ አላሉም። ጨዋ ነበሩ።

ዛሬ በአማራ ክልል ገጠር ሊድሯት መሆኑን ስትሰማ ለመምህሯ የምትናገር ልጅ አለች። መምህሯ ለቀበሌ ያሳውቃል፣ ሠርጉ ይቀራል። በድሮው ሚዛን ይህች ልጅ አባቷን ያዋረደች ባለጌ ናት። አባቷም ለወራት አያናግራት ይሆናል። እሷ ግን በማግስቱ ደብተሯን ይዛ ክፍል ትገባለች።