ዓይን ከማማው ዝቅ ይበል

በኔዘርላንድስ አመርስፎርት ከተማ ኮፐልፖርት የተባለውን ጥንታዊ በር ሳያይ የሚመለስ ጎብኚ ጥቂት ነው። ሁሉም ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸውን ማማዎች ፎቶግራፍ አንስቶ ይሄዳል። እኔ ግን ወገንተኝነቴ ከሥር ለሚያልፈው ውሃ ነው።

በሩ እ.ኤ.አ. በ1425 ገደማ ሲጠናቀቅ ድርብ ሥራ ነበረው። በአንድ በኩል እግረኛና ጋሪ፣ በሌላ በኩል በኤም ወንዝ የሚመጣ ጀልባ ያስገባል። ጨርቅና ቢራ ለምታመርት ከተማ ወንዙ ወደ ባሕር መውጫዋ ስለነበር፣ ደጁን ክፍት መተው አይታሰብም። ከቅስቱ በላይ ባለው ክፍል ሰው ውስጡ ገብቶ በእግሩ እየረገጠ የሚያሽከረክራቸው ግዙፍ የእንጨት መንኮራኩሮች ዛሬም አሉ። ሰዎቹ ሲራመዱ ወንዙን የሚዘጋው ከባድ ሳንቃ ይነሳል ወይም ይወርዳል። ስንዝር ፈቀቅ ሳይሉ እየተራመዱ ከተማ የሚዘጉና የሚከፍቱ ሠራተኞች ነበሩ ማለት ነው! በ1427 የቡርጎንዲው መስፍን ፊሊፕ ጦር ከተማዋን ሊይዝ መጥቶ ሳይሳካለት ተመልሷል።

ቅርስ ሲባል ግን ዓይናችን ግንብ ላይ ይቀራል። አሁን የምናደንቀው የበሩ መልክ በከፊል የአምስተርዳሙን ራይክስሙዚየም የነደፈው የአርክቴክት ፒየር ካይፐርስ የእጅ ሥራ ነው፤ እድሳቱን በ1886 አጠናቋል። ይህን የማነሳው ለማጣጣል አይደለም። ጡብ አዋቂ ካገኘ ይታደሳል። የደፈኑትን ውሃ መመለስ ምን ያህል እንደሚያደክም ግን ጎረቤቷን ዩትሬክትን መጠየቅ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለመኪና ሲባል፣ ከተማዋን ከሚከብበው ጥንታዊ ቦይ ከፊሉ ደርቆ አስፋልት ሆነ። ነዋሪው በ2002 በሕዝበ ውሳኔ ውሃው ይመለስ ቢልም፣ ቦዩ እንደገና ዙሪያውን የገጠመው በ2020 ነው። ለአንድ ትውልድ ጥፋት ሌላ ትውልድ ከፈለ።

እንግዲህ ለቅርስ ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ከማማው ጣሪያ እኩል የወንዙን ዳርቻና የጀልባውን መተላለፊያ በበጀታቸው ቢያስገቡ፣ ተጨማሪ ወጪ ብዬ አልቆጥረውም። ወደ አመርስፎርት የሚሄድ ወዳጅ ምክር ሲጠይቀኝም ጀልባ ፈልግና በቅስቱ ሥር እለፍ እለዋለሁ። እዚያ ቀና ሲል መንኮራኩሮቹ ያሉበት ክፍል ልክ ከራሱ በላይ ነው።