ለድረ ገጽ አሳማሪዎች የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን ስሙን የማልጠራው አንድ ተቋም ድረ ገጹን አድሶ ብቅ ብሏል። ገጹ ሲከፈት «ለሁሉም ክፍት ነን» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ይንሸራተታል። ማየት የተሳነው ወዳጄ ግን ይህን የምሥራች አልሰማም። ጽሑፉ ፎቶ ላይ የታተመ ስለሆነ ስክሪን አንባቢው፣ ማለትም በስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ ያገኘው የፎቶውን የፋይል ስም ብቻ ነው፤ እሱኑ በታማኝነት አነበበለት፦ «ባነር ሰረዝ ፋይናል ሰረዝ ፋይናል ሦስት ነጥብ ጄፒጂ»።

እንዲህ ያለውን ገጽ ታውቁታላችሁና ወቀሳውን ለእናንተ እተወዋለሁ። እኔ ዛሬ የተነሣሁት ላመሰግን ነው።

የማመሰግነው ደግሞ ድካማቸውን ነው። ነገሩን በሩቁ የሚያይ ሰው ድረ ገጽን ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ማድረግ ከባድ ሥራ፣ አለማድረግ ደግሞ ስንፍና ይመስለዋል። ስም ማጥፋት ነው! ተራ ርዕስ፣ ተራ አንቀጽና ተራ አዝራር ያለውን ገጽ ስክሪን አንባቢ ያለ ምንም ችግር ያነበዋል፤ ማውስ መያዝ የማይችል ሰው በታብ ቁልፍ ይዘዋወርበታል፤ ዓይኑ የደከመ ሰውም ፊደሉን እንደፈለገ ያጎላዋል። ይህን ማበላሸት ሙያ ይጠይቃል። እውነተኛውን አዝራር አውጥቶ አዝራር የሚመስል ባለቀለም ሣጥን መተካት፣ ሣጥኑ ለማውስ ብቻ እንዲታዘዝና ቁልፍ ሰሌዳን እንዳያውቅ ማድረግ፣ በታብ የሚሄደው ሰው የት እንደደረሰ የምታሳየውን መስመር «ውበት ታበላሻለች» ብሎ ማጥፋት ቀላል አይደለም። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በተራ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ንፅፅር ይኑር ይላል፤ አሳማሪዎቻችን ግን በነጭ መደብ ላይ እንደ ጉም የሳሳ ግራጫ ፊደል ፈልገው ያገኛሉ። የሥራ ሰዓት ይከፈልበታል፤ ስብሰባ ይጠራበታል። እጃቸው ይባረክ።

ልቤን የማረከው ግን የልደት ቀን መሙያው ነው። ስለ እሱ ከጀመርኩ አላቆምምና ታገሡኝ። በዚያ ባልሠለጠነው ዘመን ሰው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ራሱ ይጽፍ ነበር። ስምንት አሃዝ ነው፤ ትንፋሽ ሳይወሰድ ያልቃል። አሁን መጻፍ ተከልክሏል። በምትኩ ውብ የቀን መቁጠሪያ ይዘረጋል፤ የሚከፈተውም ዛሬ ባለንበት ወር ላይ ነው። ተጠቃሚው ዛሬ ጧት ተወልዶ በቀጥታ ቅጽ ሊሞላ የመጣ እንደሆነ ተገምቷል ማለት ነው። ወደኋላ መሄድ የሚሻ «ቀዳሚ ወር» የሚለውን ይጫናል፤ በአንድ ጭነት አንድ ወር። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው 720 ጊዜ መጫን ይጠበቅበታል። እጁ የማይታዘዝለትና ዘንግ በጥርሱ ነክሶ የሚጽፍ ሰው ከሆነ 720 ጊዜ አንገቱን ይደፋል፤ ይህም ለጤናው ታስቦ ይሆናል። በመንገዱ ላይ ጡረታ የወጣበትን ወር፣ ልጁን የዳረበትን ወር፣ ራሱ የተሞሸረበትን ወር አንድ በአንድ ይሰናበታል። ወዳጄን የመሰለ ማየት የተሳነው ሰው ደግሞ ይህ መጽናኛ እንኳ የለውም፤ በየጭነቱ የሚሰማው «አዝራር»፣ አሁንም «አዝራር» ብቻ ስለሆነ፣ በየትኛው ዓመት እንዳለ በልቡ መቁጠር አለበት። ቁጥር ከተሳሳተ ከመወለዱ በፊት ባለ ወር ላይ ያርፋል፤ ወደፊት የሚመልሰው ቀስት ደግሞ በቁልፍ ሰሌዳ አይገኝም። ተሳክቶለት የልደት ወሩ በር ላይ ሲደርስ «ለደኅንነትዎ ሲባል ገጹ ጊዜው አልፎ ተዘግቷል፤ እባክዎ እንደገና ይጀምሩ» የሚል ማሳሰቢያ ይመጣል። እንደገና ሲከፍተው መቁጠሪያው ከዛሬው ወር ይጠብቀዋል። በዚህ መሀል ወር ከተለወጠ ደግሞ 721 ሆኗል።

ይህን ያለፈ ጀግና «ሮቦት አይደለሁም» ብሎ እንዲምል ይጠየቃል። መሐላው የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ፎቶዎች መምረጥ ነው። ማየት የተሳነው ሰው ካላያቸው ሰውነቱ ያጠራጥራል፤ በድምፅ ልፈተን ካለም በሁካታ የታፈነ ማንሾካሾክ ይሰማል። ማየትም መስማትም ለማይችለው ምንም አልተዘጋጀም።

ወዳጄ ተስፋ ቆርጦ ለተቋሙ ደወለ። «የሚያይ ሰው አጠገብዎ የለም?» አሉት።

አለ፤ የእህቱ ልጅ አለ። ግን አንድ አዋቂ ሰው የባንክ ሒሳቡን፣ የሕክምና ውጤቱን፣ የይለፍ ቃሉን ለእህቱ ልጅ የሚያሳየው ስለ ምንድን ነው? ምስጢሩን ለሌላ ሰው እንዲገልጥ ያስገደደው ዓይኑ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። ነገ ገንዘቡ ቢሰረቅ «የይለፍ ቃልዎን ለማንም አይስጡ ብለን አስጠንቅቀን ነበር» የምትሉትም እናንተው ናችሁ። ይህ የበጀት እጥረት አይባልም፤ ነውር ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። «አካል ጉዳተኛ ደንበኛ የለንም» የሚሉትን አለቃ ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይላቸዋል። እውነታቸውን ነው፤ ማን አልፎ ይገባል? የዓለም ጤና ድርጅት 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከባድ የአካል ጉዳት አለባቸው ይላል። ሁሉም ተስማምተው የሌላ ድርጅት ደንበኞች ሆነው ይሆናል። «በሚቀጥለው ምዕራፍ እናስገባዋለን» ለሚሉት ባለሙያም ባርኔጣዬን አነሣለሁ። የዓለም አቀፉ መመሪያ የመጀመሪያ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በ2008፣ በ2018 እና በ2023 አዳዲስ እትሞች ተከትለውታል። ምዕራፉ አሁንም የሚቀጥለው ነው።

በገጹ ጥግ የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል ያለባት ክብ አዝራር ለጥፈው «ተደራሽነቱን በአንድ መስመር ኮድ ጨረስነው» የሚሉም አሉ። አዝራሯ ራሷ ስም ስላልተሰጣት ስክሪን አንባቢው አያውቃትም። በአጋጣሚ ከተነካችም የራሷን ድምፅ ትከፍታለች፤ ሰውየው በአንድ ጊዜ ሁለት አንባቢ ይሰማል። ስልክ ላይ ሲከፈት ደግሞ በትክክል «አስገባ» የሚለው ላይ ተደላድላ ትቀመጣለች። ስለ አካታችነት የተሠራው ቪዲዮአቸው የግርጌ ጽሑፍ የለውም፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የተናጋሪውን መልካም ፈገግታ እያዩ ይጽናኑ።

በድረ ገጽ ተደራሽነት ላይ የሚሠራው ዌብኤይም የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን መነሻ ገጽ በመሣሪያ ፈትሾ በ95.9 በመቶው ላይ ከመመሪያው ጋር የሚጋጭ ጉድለት አግኝቷል። የሰው ልጅ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ፣ በእግር ኳስ ይህን ያህል ተስማምቶ አያውቅም። የቀሩት 4.1 በመቶዎቹም ቢሆኑ መሣሪያ የሚያገኘውን አለፉ እንጂ ንጹሕ ናቸው አልተባለም፤ ስለዚህ አንድነታችንን አፈረሱ ብሎ በእነሱ ላይ መፍረድ አይገባም።

ታዲያ የእኛው ተቋም አስተያየት አይጠላም። «ገጻችንን መጠቀም ተቸግረዋል? ይንገሩን» የሚል ቅጽ ከታች አስቀምጧል፤ ፊደሉ ግራጫ ነው። ወዳጄ እንደምንም አግኝቶት ስሙን ሞላ። ከስም ቀጥሎ የሚጠየቀው የልደት ቀን ነው።