ማኅደሩን ክፈቱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምወቅሳችሁ ስለ መጻሕፍቶቻችን ነው። ነገሩን የምጀምረው ግን ከአውሮፓ ነው።

ሬኔሳንስ የሚባለው የአውሮፓ የጥበብና የዕውቀት መነቃቃት ዘመን ሲነሳ አብዛኞቻችን የምንጠራው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ነው። ታላቅ ሰው ነበር፤ ሬሳ እየከፈተ ጡንቻን፣ አጥንትንና ልብን በሚያስደንቅ ጥራት ሥሏል። ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ለዘመኑ ሐኪሞች ምን ጠቀማቸው? ምንም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሳያሳትመው እ.ኤ.አ. በ1519 ሞተና ወረቀቶቹ ተበታተኑ። የሰውነት አካል ትምህርትን የለወጠው አንድሪያስ ቬሳሊየስ ነው፤ በ1543 መጽሐፉን ከነሥዕሎቹ ባዝል ላይ አሳትሞ ለተማሪውም ለሐኪሙም አዳረሰ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ብዙዎቻችሁ ስሙን የማታውቁት የጣሊያኗ ፍሎሬንስ ሰው ኒኮሎ ኒኮሊ ነው። የነጋዴ ልጅ ነበር፤ የወረሰውን ሀብት በመጻሕፍት ጨረሰው። የሰበሰበውን ደግሞ አልቆለፈበትም፤ ለጠየቀው ሁሉ ያውስ ነበር። በ1437 ሲሞት 800 ያህል መጻሕፍት ትቶ ለሕዝብ አገልግሎት እንዲውሉ ተናዘዘ። የከተማው ባለጸጋ ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ዕዳውን ከፍሎለት ብዙዎቹ በሳን ማርኮ ገዳም ተቀመጡ፤ በ1444 ቤተ መጻሕፍቱ ለአንባቢ ተከፈተ። ጀርመናዊው አታሚ ጉተንበርግ ማይንዝ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን አትሞ ያወጣው ከዚያ 11 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ማተሚያው ከመምጣቱ በፊት መጽሐፉን የሚያካፍል ልብ ነበራቸው ማለት ነው።

እኛም ከዚያ ታሪክ ውጪ አልነበርንም። ከኮሎኝ የመጣው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ውስጥ የኢትዮጵያ መነኮሳት ሲያዜሙ ሰምቶ ከእነሱ ግዕዝ ተማረ፤ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በፊደላችን አሳተመ። በኋላም በግራኝ ጦርነት ዘመን ከአገሩ የወጣው የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ገብቶ ከባልንጀሮቹ ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ፤ በ1548 ተጀምሮ በ1549 አለቀ። በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ የጠየቁበትን ቃል ባሰብኩት ቁጥር እንባዬ ይመጣል። አታሚዎቹ ማንበብ አይችሉም፣ እኛም ማተም አናውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ሠራነውና ስሕተቱን ይቅር በሉን ይላሉ። አገራቸው እየነደደች፣ በሰው አገር፣ ሙያውን ሳያውቁት መጽሐፉን ለትውልድ አደረሱ።

እናንተስ? አገራችሁ ውስጥ፣ ካሜራ ያለው ስልክ በኪሳችሁ ይዛችሁ፣ የአያታችሁን ብራና ከነማኅደሩ አልጋ ሥር ጥላችሁ አይጥ ታስበላላችሁ። «የራሳችን ፊደል አለን» ስትሉ የሚቀድማችሁ የለም፤ በዚያ ፊደል ከተጻፈው አንድ ቅጠል አንብቡ ብትባሉ ግን ዝም ትላላችሁ። ሥዕል ያለበትን ገጽ እየቀደዳችሁ ለቱሪስት የምትሸጡ፣ ይህን ስታደርጉ እጃችሁ አይንቀጠቀጥም? እናንተ ምሁራንስ፣ በሕዝብ ገንዘብ ያጠናችሁትን ጥናት መሳቢያ ውስጥ የምትቀብሩት ለማን ነው?

የደብር ዕቃ ቤት የምትጠብቁ አባቶቼ፣ የእናንተ ፍርሃት ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ጭኖ ከወሰደው መጽሐፍ አብዛኛው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። «ፎቶ ላንሳ» ብሎ ገብቶ ሰርቆ የወጣም አለ። ይሁን እንጂ ማንም ሳያየው፣ ሳይመዘገብ የተቀመጠ መጽሐፍ የተሰረቀ ዕለት በምን ማስረጃ ይጠየቃል? ፎቶውና መዝገቡ ካለ ውጭ አገር ጨረታ ላይ ቢወጣ እንኳ «የእኛ ነው» ማለት ይቻላል። እሳት ቢነሳም፣ ምስጥ ቢገባም ቃሉ ይተርፋል።

ስለዚህ ብራና ያላችሁ በዚህ ሳምንት አውጡት። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ውሃም አታስነኩት። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው አንሱት፤ ባዶ የሚመስለውን ገጽ አትዝለሉ፣ የባለቤቱ ስም ወይም የመሬት ውል የተጻፈው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከዚያ አንዱን ቅጂ ለልጆቻችሁ፣ አንዱን ግዕዝ ለሚያነብ ሰው ስጡ።