ለምንህ ነው?

ደሴ ውስጥ አንድ ነገር በእጅህ ይዘህ ስትገባ ከታየህ ሦስት ጥያቄ አያመልጥህም። ስንት ገዛኸው? ከማን ገዛኸው? ለምንህ ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አያስቸግሩም። ዋጋውን ትንሽ ቀንሰህ ትናገራለህ፣ እነሱም "ተበልተሃል" ይሉሃል፣ ትለያያላችሁ። ሰው የሚያስጨንቀው ሦስተኛው ነው። "ዝም ብሎ ደስ ስለሚለኝ" የሚል መልስ እኛ ሰፈር ገና አልተፈቀደም።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ላጤ ነኝ። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ሰባት ቤት ያለበት ግቢ ውስጥ ሦስት በአራት የሆነች ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራዬን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። እማማ ክርስቲያን ናቸው፤ ታላቅ እህታቸው ሐጃ ናቸው፤ የሚጠጡት ቡና አንድ ነው። የወሎ ነገር ነው፣ ለወሎ ሰው አይብራራም።

ማታ ማታ ጊዜዬን የሚበላው ስልክ ነበር። አንድ ሰሞን ስልኩ ራሱ ታዝቦኝ መሰለኝ፣ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ያሳየኝ ጀመር። ሻማ የሚያቀልጥ። ሸክላ የሚያበጅ። አበባ የሚያባብል። ባለሦስት ቀለም መጠጥ የሚቀላቅል። ሁሉም ፈገግ ብለዋል፣ የሁሉም ቤት ጸጥ ያለ ነው። ልብ ብዬ ሳይ አንዳቸውም ጎረቤት የላቸውም።

ሆቢ የሚለውን ቃል እኛ የምናውቀው ከሲቪ ነው። "ማንበብ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ፣ እግር ኳስ ማየት" ብለን እንጽፋለን። አገር ምድሩ ይህንኑ ነው የሚጽፈው። እኔም ጽፌ ተቀጥሬበታለሁ። ከተቀጠርኩ ወዲህ ያነበብኩት መጽሐፍ ግን የለም። እስቲ አንድ እንኳ እውነተኛ ሆቢ ይኑረኝ ብዬ ተነሣሁ።

በሻማ ጀመርኩ። ቁርጥራጭ ሰብስቤ በጣሳ አቀለጥኩ፣ መሀሉ ክር አቁሜ በአሮጌ ስኒ ላይ ገለበጥኩት። ስድስት ስኒ በረንዳ ላይ ደርድሬ እስኪረጋ ስጠብቅ የጎረቤት ልጅ አየችኝ። አልጠየቀችኝም። ሮጣ ገባች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። "መብራት ሊጠፋ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤት ሰምቶ መጥቷል።" በዚያ ምሽት የማዕዘኑ ሱቅ ሻማ ጨረሰ። እኔ ለመዝናናት ነው እያልኩ በየበሩ ብዞርም ሰው ዐይኑን ጠቀስ እያደረገ "ገብቶናል፣ አብሽር" ይለኛል። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ መቼ እንደሚጠፋ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።

ዳንቴልም ሞክሬያለሁ። እሱን አናንሳው።

ከዚያ ሞንስቴራን አገኘሁ። ቅጠሏ ሰፊ፣ በተፈጥሮዋ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ተክል ናት። አገሯ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ያለው ጫካ ነው፤ እዚያ በትልልቅ ዛፎች ላይ ተጣብቃ ወደ ብርሃን ትወጣለች። እኔ ያገኘኋት ግን ኮምቦልቻ፣ አንድ አበባ ሻጭ ዘንድ፣ በቀለም ባልዲ ውስጥ ነው። ተቃቅፈን ሚኒባስ ገባን። ረዳቱ እኔን አየ፣ እሷን አየ።

"ወንድሜ፣ ይቺ ወንበር ይዛለች።"

"አበባ ናት እኮ።"

"ብትሆንስ? ሰው ይሄን ያህል ቦታ አይዝም።"

የሁለት ሰው ከፈልኩ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ትጠጋለች። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ 4 ዲግሪ ያህል ብርድ ገዛሁላት ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ በክንዱ አንጠልጥሎት የተሳፈረውን ጃኬት ተሳፋሪው ሁሉ ይለብስ ጀመር። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ሁለቱን ቅጠሎች ከውስጥ ከተቱልኝ። "ትበርዳለች" አሉኝ። የዚያን ቀን ለምንህ ናት ያላሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

እማማ በር ላይ ጠበቁኝ። ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ፀሐይ አዩት።

"ልጄ፣ ተባይ የጨረሳትን ነው የሸጡልህ።"

"አይ እማማ፣ ተፈጥሮዋ ነው። ልጅ ሳለች ቅጠሏ ድፍን ነው። ስታድግ ነው የሚቀደደው።"

"ስታድግ የሚቀደድ? እንደዚህ ዘመን ሱሪ?"

ያመኑኝ መስሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ሞንስቴራዬ ሸብታለች። አመድ ነስንሰውባታል። ለተባይ አመድ መነስነስ ለጎመን ጥሩ ነው፤ እማማም ለጎመን የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት። በእርጥብ ጨርቅ ቅጠል በቅጠል ስጠርጋት ሐጃ ወጡ።

"ይበላል?"

"አይበላም ሐጃ። ቅጠሉ ከታኘከ አፍ ያቃጥላል። ፍሬዋ በደንብ ከበሰለ ይበላል ይባላል፤ ቤት ውስጥ ግን ብዙም አታፈራም።"

"አትበላ፣ አታፈራ። ታዲያ ለምንህ ናት?"

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ዝም ማለት ነበረብኝ። ምክንያት ፈለግሁላት።

"አየር ታጣራለች" አልኩ።

እውነት ለመናገር ከራሴ አላመጣሁትም። የአሜሪካው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጥናት የቤት ውስጥ ተክሎች ከታሸገ አነስተኛ ሳጥን ውስጥ እንደ ቤንዚን (benzene፣ የመኪናው አይደለም) ያሉ ኬሚካሎችን እንደሚቀንሱ አሳይቶ ነበር። አበባ ሻጭ ሁሉ ይህን ይጠቅሳል። እኔም ናሳን ጠራሁ። ሐጃ "ሀቂቃ?" ብለው በአድናቆት አዩኝ። ክብሬ ግን ከአንድ ማታ አላለፈም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የግቢያችን ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት የቀደሙትን ደማምሮ ሲያሰላ፣ ተክል ተራ የቤት ነፋስን ያህል አየር እንዲያጠራ በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል ይላል። ልጁ ክፍሌን በእርምጃው ለካት። 12 ካሬ።

"ቢያንስ 120 ሞንስቴራ ያስፈልግሃል" አለኝ። "አልጋህ ግን መውጣት አለበት።"

እማማ ምንም አላሉም። ሄደው መስኮቴን በረገዱት። የጦሳ ተራራ ነፋስ ገባና የደመወዝ ወረቀቴን ይዞት ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቀላሉ ነው። ከባዱ የመጣው በጽድቅ በኩል ነው። በእኛ ግቢ የተጠማ ሲታይ አይታለፍም። ለእማማ ጽድቅ ነው፣ ለሐጃ ሰደቃ ነው፣ ለተቀሩት ደግሞ ይሉኝታ ነው። እኔ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ብርሃን ታግኝ ብዬ በረንዳ ላይ አወጣታለሁ። ከዚያ እማማ ፊታቸውን ሲታጠቡ የተረፈውን ያጠጧታል። ሐጃ ከውዱእ የተረፈውን። ልብስ የምታጥበው ልጅ ንጹሑን እለቅልቂት። ከሰዓት ቡና ይፈላል፤ አተላው ለእሷ ነው። አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም እኩል ተጎንጭታለች። ያላጠጣት የለም፤ እኔ ደግሞ ማታ ስገባ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ዋለች ብዬ አንድ ብርጭቆ እጨምርላታለሁ።

ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ግቢው ተሰበሰበ። "ጠምቷታል" ተባለ። በማግሥቱ ባልዲ መጣ።

የቤት ተክል በጥማት ከሚሞተው ይልቅ በውሃ ብዛት የሚሞተው ይበዛል። ሥርም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ከረሰረሰ አየሩን ውሃ ይነጥቀዋል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የጠማው ይመስላል። የእኔ የቀለም ባልዲ በዚያ ላይ ከታች ቀዳዳ አልነበረውም። ሞንስቴራዬ በደግ ሰዎች ተከብባ እየሰጠመች ነበር። ገልብጬ አወጣኋት፤ ግማሹ ሥር ጠቁሯል፣ ይሸታል። ቆረጥኩት። ባልዲውን በጋለ ምስማር በሳሳሁት፣ አፈሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቀልኩ፣ "እባካችሁ ውሃ አታጠጡ" ብዬ ወረቀት ለጠፍኩ።

ወረቀቱ ዋጋ አስከፈለኝ። "ሒሳብ ሠራተኛ አይደል፣ ውሃም ይሰስታል" ተባለ። አንዲት እትዬ ደግሞ ለእማማ "ሚስት ቢያገባ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ብልሃት መጣልኝ። ጽድቁን መከልከል ካልተቻለ አቅጣጫውን መቀየር ነው። ናና በዘይት ጀሪካን ተክዬ ከሞንስቴራዋ ፊት አቆምኩ። ናና ውሃ ይወዳል። ሞንስቴራዋን ወደ ጥግ አስጠጋኋት። ተሳካ። ጽድቁም፣ ሰደቃውም፣ እለቅልቂቱም ናናው ላይ ወረደ። በአንድ ወር ውስጥ ጀሪካኑን ሞልቶ፣ በረንዳውን ይዞ፣ የእማማን ጤና አዳም ገፍቶ መሄድ ጀመረ። ለሰባቱም ቤት ሻይ በቅቶ ተረፈ።

ከትርፉ ነው ኮክቴል የመጣው። የኩባዎቹ ሞሂቶ ናና፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ሶዳና ነጭ ሩም ነው። ሩሙን ለግቢው ሰላም ስል ተውኩት። ሼከር ስለሌለኝ ሁሉንም በማር ብልቃጥ ከበረዶ ጋር ከትቼ መናጥ ጀመርኩ። ሐምሌ ነው። ደሴ በሐምሌ በረዶ የሚጨምር ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። እማማ ድምፁን ሰምተው መጡ።

"ምንድን ነው የምትንጠው?"

"መጠጥ ነው እማማ።"

"አናናጥህ ልክ አይደለም። ቅቤ አይወጣልህም።"

ብልቃጡን ተቀበሉኝ። ቁጭ ብለው፣ ጭናቸው ላይ አስደግፈው፣ ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ። ስልክ ላይ ያየሁት ባለሙያ ሁሉ ይቺን አናናጥ ቢያይ ሙያውን ይተው ነበር። (ሞሂቶ እንደማይናጥ ያወቅሁት በኋላ ነው። ናናው ጠረኑን እስኪሰጥ በቀስታ ይታሻል እንጂ። ከላመ ይመራል።) በሁለተኛው ሙከራ ናናው መታሸት አለበት ስላቸው ሙቀጫና ዘነዘና አመጡ። የቡና ያህል ወቀጡት። አረንጓዴ ሬት ጠጣን።

ለማጽናናት ብዬ ታሪክ አወራሁ። ኮክቴል የሚለው ቃል ከታወቁት ትርጉሞች ቀደምቱ እ.ኤ.አ. በ1806 በኒውዮርክ ግዛት ጋዜጣ ላይ የወጣው ነው፤ አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ነገር የተቀላቀለበት መጠጥ ይላል። ስለዚህ መምረሩ በደንቡ ነው አልኳቸው።

እማማ በጣታቸው ቆጠሩ። "ጣፋጩ ማር፣ ውሃው ውሃ፣ መራራው ጌሾ፣ አልኮሉ ራሱ ይመጣል። ጠጅ ነዋ! ይሄን ልታወራ ነው ፈረንጅ አገር የደረስከው?"

ሐጃ ደግሞ ጌሾውን አውጡትና ብርዝ ነው አሉ። ከዚያ ገቡና ቀሪቦ በጆግ ይዘው መጡ። ከተቆላ ገብስና ከስኳር የተጠመቀ፣ ጠቆር ያለ፣ አረፋ ያለው። ሎሚ ጨመቅንበት፣ ሁለት ቅጠል ናና ጣል አደረግን። አትጠይቁኝ። እንደዚያ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ጥፋቱም ይኸው ነው፣ መጣፈጡ። በአረፋ በዓል የግቢውን ሰው ሁሉ እኔ አስተናገድኩ። ፋሲካ ላይም እኔ። ክርስትና፣ ምርቃት፣ ለሐጅ የሚሄድ ሰው ሽኝት፣ ሁሉም ላይ "ያንን ነገርህን አድርግልን" ሆነ። ከሥራ ስገባ ሎሚ በዘንቢል በሬ ላይ ተቀምጦ አገኛለሁ። ለመዝናናት ብዬ የጀመርኩት ነገር የማታ ፈረቃ ሆነብኝ፣ ደመወዙ ግን ምርቃት ብቻ ነው። ማር ብልቃጤ ከሦስተኛው ቤት ተመልሶ አያውቅም፤ እንቁላል ይመቱበታል።

ሞንስቴራዋ ግን አገገመች። ጥግ ላይ ተረስታ፣ ማንም ሳያጠጣት፣ አምስት አዳዲስ ቅጠል አወጣች። ሐሙስ ቀን የእማማ የወንድም ልጅ ሰርግ አለበት ተብሎ ሁለት ጎረምሶች መጡ። "ለፎቶ ብቻ ነው፣ እሑድ ትመለሳለች።" የተመለሰችው ማክሰኞ ነው፣ ብልጭልጭ ተረጭቶባት። ፎቶውን አየሁት። ሙሽራው ጎን ቆማለች። ሙሽራዋ ከእሷ ኋላ ናት።

ከዚያ በኋላ አላረፈችም። ሆጤ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቦሩ ሜዳ ድረስ ሄዳለች። ኒካህ አይታለች፣ ተክሊል አይታለች፣ መልስ አይታለች። ባለፈው የቅሬያችን፣ የሰፈር እድራችን፣ ዕቃ መዝገብ እንዲጣራ ሒሳብ ሠራተኛ ነህ ተብዬ ተሰጠኝ። ሳገላብጥ ከድስትና ከወንበሩ ዝርዝር በታች "አበባ፣ ቀዳዳዋ፣ 1" ይላል። ጸሐፊያችንን ጠየቅኳቸው።

"የእኔ ናት እኮ።"

"አብሽር፣ አንተም የእኛ ነህ" አሉኝ። "ደግሞ አንተ ዘንድ ለምንህ ናት?"

መልስ አልነበረኝም።

ትናንት የሰርግ ጥሪ ደረሰኝ። ወፍራም፣ ወርቅማ ካርድ ነው። ስሜ በትክክል ተጽፏል። ከሥሩ "ከነባለቤትዎ" የሚለው ህትመት በእስክሪብቶ ተሰርዞ በላዩ "ከነአበባዎ" ይላል። ሰርጉ ኮምቦልቻ ነው። ለእሷ መኪና ይልካሉ። እኔ በሚኒባስ እደርሳለሁ፣ የአንድ ሰው ከፍዬ።