ፖስተር ላይ ጥናቱ ሁሉ መግባት የለበትም

«ፖስተሩ ላይ ጥናቱ በሙሉ ካልሰፈረ ሥራው ጎደሎ ይመስላል» በሚል ስለ ኮንፈረንስ ፖስተር (ጥናት በጉባኤ ላይ ተሰቅሎ የሚቀርብበት ትልቅ ወረቀት) ለሚሰጠው ምክር እርማት አለኝ። ብዙ ሰው ያምንበታል፤ ግን ልክ አይደለም።

የኮንፈረንስ ፖስተር ቆሞ የሚነበብ ነገር ነው፤ ያውም በጫጫታ መሃል፣ ቦርሳ አንግቶ። ፖስተር የሚታተምበት ኤ-ዜሮ ወረቀት 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሰፊ ይመስላል። አጭር ማጠቃለያውን (አብስትራክቱን)፣ የጥናት ዘዴውን በሙሉና ያለውን ሰንጠረዥ ሁሉ ሲጠቀጥቁበት ግን ፊደሉ ያንሳል። ሰውም ዓይኑን ጣል አድርጎ ያልፋል። ያን ሁሉ የለፉበት ሥራ እንዲህ ሲታለፍ ያሳዝናል።

ዋናውን ግኝት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በትልቁ ይጻፉት። ለምሳሌ «የመስኖ ድግግሞሽ በምርት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ከሚል ርዕስ ይልቅ «ውሃውን በግማሽ ቀንሰን ምርቱ አልቀነሰም» የሚለው ሰው ያስቆማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክ ሞሪሰን የተባለ የሳይኮሎጂ ዶክትሬት ተማሪ ያስተዋወቀው ዲዛይንም መሃሉን ለዋናው ግኝት ብቻ የሚተው ነው። አንድ ሁለት ግራፍ ይጨምሩ፤ ዝርዝሩን በኪውአር ኮድ ይስጡ።

ሲያቀርቡም ጀርባዎን ሰጥተው ከፖስተሩ ላይ አያንብቡ። ጎኑ ቆመው፣ የመጣውን ሰው መጀመሪያ ምን ላይ እንደሚሠራ ይጠይቁት።