ዝምታውን ስንት ትሰጪዋለሽ?

ነገሩ የተጀመረው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሻይ ላይ ነው። በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ፕረዘንቴሽን ከ20 ይያዛል። ዘንድሮ ሁሉም መምህር በአንድ ዓይነት ሩብሪክ (የማረሚያ መመዘኛ) ያርም ተባለና ባለ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ታደለ። ይዘት 6፣ ቅደም ተከተል 4፣ ቋንቋ 4፣ ድምፅ 3፣ የሰውነት እንቅስቃሴና የዓይን ግንኙነት 3። የታሪክ መምህሩ ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ደግሞ «ይሄ ገና ድሮ መምጣት ነበረበት» አለች። ሻዩ አለቀ፣ ክርክሩ አላለቀም። በጽሑፍ ቀጠሉት።

የታሪክ መምህሩ፦

እህቴ፣ ስለ ወረቀቱ ከማውራታችን በፊት አንድ ልጅ ላሳይሽ። የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። የደረሰው ርዕስ የዐድዋ ዘመቻ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ወደ የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሮጡ እሱ መቀሌ ላይ ቆመ። ጣሊያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽገው ሳለ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተይዞባቸው በውሃ ጥም እንዴት ምሽጉን እንደለቀቁ አወራ። አወራ ስልሽ፣ ወለሉን እያየ ነው። ድምፁ ከሦስተኛው ዴስክ አያልፍም። እንግሊዝኛው ይሰባበራል። መሀል ላይ ቆም አለና በአማርኛ «እኛ ሰፈር ውሃ ሳምንት ሲጠፋ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በጀሪካን ይጣላል። ወታደሮቹ ለምን እንደወጡ ይገባኛል» አለ።

60 ልጅ የታጨቀበት ክፍል ጸጥ አለ። ኋላ የተቀመጡት እንዲሰማቸው አንገታቸውን አሰገጉ። እዚያ ክፍል እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወረቀትሽን አውጥቼ ሞላሁ። ይዘት 5። ቅደም ተከተል 2። ቋንቋ 1። ድምፅ 1። እንቅስቃሴና ዓይን 1። ድምሩ 10።

ቀጥላ የወጣችው ልጅ «ጉድ ሞርኒንግ ሌዲስ ኤንድ ጀንትልመን» ብላ ጀመረች። እጇን ዘረጋች፣ ሰበሰበች፣ ግራና ቀኝ አየች። ከመጽሐፉ ላይ ያለውን ቃል በቃል አለችውና «ኤኒ ኩዌስችን?» ብላ ፈገግ አለች። 18 አገኘች። ማታ ቤቴ ገብቼ የሷን ላስታውስ ብል አንድ ዓረፍተ ነገር አልመጣልኝም። የልጁ ጀሪካን ግን እስካሁን አብሮኝ አለ። እስቲ ዝምታውን ስንት ትሰጪዋለሽ? የትኛው ረድፍ ላይ?

የእንግሊዝኛ መምህርቷ፦

ጋሼ፣ ልጁን ሳላየው ወደድኩት። ግን አይቆጡኝና፣ ይዘት ለምን 5 ሆነ? ያንን ሁሉ ካለ ስድስተኛዋን ምን በላት?

እኔ የምጠረጥረውን ልንገርዎ። እንግሊዝኛው ሲሰባበር ይዘቱም የተሰባበረ መሰለዎት። ይሄ የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም። ቶርንዳይክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ያወጣው ጽሑፍ አለ። የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን በአካል ብቃት፣ በማሰብ ችሎታ፣ በመሪነትና በባሕርይ ለየብቻ ነጥብ ስጡ ተባሉ። ለየብቻ መስጠት አቃታቸው። በአንዱ ጥሩ ያሉትን ሰው በሁሉም ጥሩ ይሉታል። ይህን ዝንባሌ በቅዱሳን ሥዕል ራስ ዙሪያ በሚሳለው አክሊለ ብርሃን ስም ጠራው። አንድ ነገር ሲያበራ ሌላውም የበራ ይመስለናል። ሲጨልምም እንደዚያው።

አሁን ሠንጠረዡን ያንሱት። 18 ማን የሚያገኝ ይመስልዎታል? ያቺው ልጅ ናት። አቀራረቧ ያምራል፣ እንግሊዝኛዋ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፣ አትፈራም። የእርስዎን ልጅ ደግሞ ሌላ መምህር ቢሰማው «ጎበዝ፣ ግን ይፈራል» ብሎ 9 ሰጥቶት ሻዩን ይጠጣ ነበር። እንደ እርስዎ ያለ ጆሮ ሁሉም መምህር የለውም።

የራሴን ላጫውትዎ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ አንድ ሳምንት ያልተኛሁበት ፕረዘንቴሽን ነበረኝ። ውጤት ሲለጠፍ 11 ከ20። ቢሮ ድረስ ሄጄ ምን እንደጎደለኝ ጠየቅኩ። መምህሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ኦልሞስት ጥሩ ነው፣ በርቺ» አለኝ። በምኑ ልበርታ? ድምፄ ነው? ይዘቱ ነው? ቀሚሴ ነው? እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምፅሽ አይሰማም ብሎኝ ቢሆን እኮ ቤቴ ገብቼ ለግድግዳው እየጮህኩ እለማመድ ነበር።

የታሪክ መምህሩ፦

ስድስተኛዋን ምን እንደበላት አሰብኩ። ቀን ተሳስቶ ነበር ልልሽ ፈለግኩ። አልተሳሳተም። እሺ፣ እሷን ወስደሻታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ጽሑፍ እጅ ላይ ይቆያል፤ ንግግር ያልፋል። ድርሰት ሳርም ሠንጠረዡን ጎን አስቀምጬ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያን አያለሁ። ልጅ ቆሞ ሲናገር ግን «ቅደም ተከተል፣ ሦስት ወይስ አራት?» እያልኩ ባቀረቀርኩባት ቅጽበት ዋናው ነገር ያመልጠኛል። ልጁም ያየኛል። እሱ ሲናገር መምህሩ አቀርቅሮ ይጽፋል። ከዚያ ዓይን ለዓይን አላየኸኝም ብዬ ማርክ እቀንስበታለሁ። ማን ነው ማንን ያላየው?

ዓይን ካልኩ ዘንድ ይሄ ረድፍ ራሱ ከየት መጣ? እኛ ቤት ልጅ ከታላቁ ፊት ቆሞ ዓይኑን ካፈጠጠ «ዓይን አውጣ» ይባላል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቤቱ አቀርቅር ያለውን ልጅ እኔ በአምስት ደቂቃ ቀና በል ብዬ ሦስት ማርክ ልቁረጥበት?

ደግሞ ቅኔ ቤትን እይ። ተማሪው ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ። ያርሙታል፣ ይነቅፉታል። ካማረ «ይበል!» ይባላል። ከ20 ስንት ብሎ የጠየቀ የለም። በዚያ መንገድ ስንት ተናጋሪ እንደወጣ አንቺም ታውቂያለሽ።

የእንግሊዝኛ መምህርቷ፦

ቅኔ ቤትን ባያነሱ ይሻልዎት ነበር።

ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ስንት ቤት (ስንኝ) ነው? ሁለት። መወድስ? ስምንት። ቤቱ መምታት አለበት፣ ሰምና ወርቁ መገጣጠም አለበት። ተማሪው ሦስት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ይዞ ቢመጣ የኔታ «ይበል» ይሉታል? ከየአገሩ የመጣ የቅኔ ተማሪ ምን እንደሚፈለግበት ሳይነገረው አይቆምም። ሩብሪክ ማለት ይኸው ነው፤ ያልተጻፈው የኔታ ልብ ውስጥ ስላለ ነው። የኔታ ተማሪያቸውን ዓመታት ያውቁታል። እኛ በአምስት ሴክሽን 300 ልጅ እናያለን። የግማሹን ስም አናውቅም።

ሰው እንደየልቡ ሲያርም ምን እንደሚሆን ደግሞ የተሞከረ ነገር ነው። ስታርችና ኤሊየት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጡትን ያስቡት። አንድ የጂኦሜትሪ ፈተና ወረቀት ለብዙ የሒሳብ መምህራን ላኩ። ያው አንድ ወረቀት ነው። ከ30 በታች የሰጠው አለ፣ ከ90 በላይ የሰጠው አለ። ከ100 ማለቴ ነው። ትክክልና ስህተት ተለይቶ በሚታወቅበት ሒሳብ፣ ያውም እርስዎ እንዳሉት እጅ ላይ በሚቆይ ወረቀት! እንግዲህ በአምስት ደቂቃ አየር ላይ የሚበን ንግግር ምን ሊሆን ነው?

አቀርቅሮ መሙላቱ ላይ እውነትዎን ነው። እኔም አደርገው ነበር። አሁን ልጁ ሲናገር ሁለት ቃል ብቻ ጣል አደርጋለሁ። «ጀሪካን»፣ «ድምፅ» ብዬ። ሲጨርስና ቀጣዩ ጥቁር ሰሌዳው ጋ እስኪደርስ ባለው ሰዓት ነው የምሞላው።

የታሪክ መምህሩ፦

ሰዓት አልሽ? 60 ልጅ፣ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ፣ 300 ደቂቃ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ነው። ሰባት ክፍለ ጊዜ ተኩል! በሳምንት ሁለት ነው ያለኝ። አንድ ወር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ዐድዋን በፕረዘንቴሽን ስንጨርስ ማይጨው ሳንደርስ ፈተና ይመጣል።

ስለዚህ ሁላችንም ግሩፕ እናደርጋቸዋለን። ግሩፕ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። አንዷ ትሠራለች፣ አንዱ ያቀርባል፣ አራቱ «ስሜን ጻፉልኝ» ይላሉ። ያ ያማረ ሠንጠረዥ ስድስቱንም 16 ይላቸዋል። ለየትኛው ድምፅ? አራቱ እኮ አፋቸውን አልከፈቱም።

የእንግሊዝኛ መምህርቷ፦

እዚህ ላይ መልስ የለኝም። ሩብሪክ ክፍል አያሰፋም።

ግን አንድ እውነት ላውጣ፤ ለሱም ነው የምከራከረው። የተሰጠን ወረቀት ሩብሪክ አይደለም። የማርክ ክፍፍል ነው። «ድምፅ 3» ይላል እንጂ ሦስት ምን ማለት እንደሆነ፣ አንድ ምን ማለት እንደሆነ አይልም። ሩብሪክን ሩብሪክ የሚያደርገው ሣጥኑ ውስጥ ያለው መግለጫ ነው። እኔ ክፍል በር ላይ የለጠፍኩት እንዲህ ይላል። ድምፅ 1፦ የፊት ዴስክ ብቻ ይሰማል። 2፦ መሀል ድረስ ይሰማል። 3፦ የኋላው ዴስክ አንገቱን ሳያሰግግ ይሰማል። ልጆቹ ራሳቸው ኋላ ሄደው ይፈትኑታል። አንዷ ልጅ ጓደኛዋን በመስኮት ውጪ አቁማ ስትለማመድ አግኝቻታለሁ።

«የዓይን ግንኙነት» የምትለዋን እኔም አጥፍቻታለሁ። «ከወረቀቱ ቀና ብሎ ያወራል» አልኩ። ወደ ግድግዳው ይይ፣ ወደ ጣሪያው ይይ፣ አያገባኝም። ያንብብ አይደለም ያልኩት፣ ያውራ ነው። የእርስዎ ልጅ እኮ ወለሉን ያይ ነበር እንጂ ወረቀት አላነበበም። በኔ ሣጥን ሙሉ ያገኛል።

ቋንቋስ? የታሪክ ትምህርት ላይ ለእንግሊዝኛ 4 ማርክ ምን ይሠራል? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ልጁ ታሪክን በእንግሊዝኛ መማሩ ሳያንሰው! እንግሊዝኛውን እኔ በኔ ክፍለ ጊዜ አርመዋለሁ። ለእርስዎ ይዘቱን 8 ያድርጉት፣ ቅደም ተከተል 4፣ ድምፅ 3፣ የቀሩትን 5 ደግሞ ጥያቄ ለመመለስ ይስጡ። ሸምድዶ የመጣና ገብቶት የመጣ የሚለየው እዚያ ጋ ነው። ያቺን ባለ 18 ልጅ «ምሽጉ ውስጥ ውሃው ባያልቅስ ኖሮ?» ብለው ጠይቀዋታል?

የታሪክ መምህሩ፦

አልጠየቅኳትም። ደወል ተደወለ።

ባለ ጥያቄው ረድፍ ጥሩ ነው፣ እሱን እሰርቅሻለሁ። ግን እወቂው፣ ይሄም ይሸመደዳል። በሁለተኛው ሴሚስተር ልጆቹ ለጓደኛቸው «እንዲህ ብለህ ጠይቀኝ» ብለው ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ሣጥን ባሳየሻቸው ቁጥር ሣጥኑን ልክ አድርገው ይሞሉልሻል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ይመጣሉ። ደህና ተናጋሪ ይወጣቸዋል። ያ ልጅ ግን በአማርኛ አቋርጦ ስለ ጀሪካን የሚያወራበት ሣጥን ስለሌለ ሁለተኛ አይሞክረውም። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው እንጂ ደካማውን እንደሚጠቅመውማ አላጣሁትም።

የእንግሊዝኛ መምህርቷ፦

ለዝምታው ሣጥን የለኝም ጋሼ። ሁለት ማርክ «መምህሩን ላስገረመ» ብዬ ላስገባ አስቤ ነበር። ተውኩት። ያችን ሁለት ማርክ ይዞ የሚገባው ዘመድና ቆንጆ እንግሊዝኛ ነው። ለዝምታው ማርክ ከመስጠት ልጁን ጠርቶ «ዛሬ ክፍሉን ጸጥ አሰኘኸው» ማለት ይሻለኛል። ነግረውታል?

የታሪክ መምህሩ፦

አልነገርኩትም። ነገ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አምስት ልጆች ያቀርባሉ። ነጻ ከሆንሽ ነይ። አንቺ ሠንጠረዥሽን ይዘሽ ኋላ ተቀመጪ፣ እኔ ባዶ ወረቀት ይዤ ፊት እቀመጣለሁ። ሳንነጋገር እንሰጣለን። ከዚያ ሻይ ላይ እናስተያያለን። ከሁለት ማርክ በላይ ከተለያየን ልጁን እንደገና እንጠይቀዋለን። ሻዩ በኔ።

የዚያን ልጅ 10 ደግሞ ገና ሮስተሩ ላይ አላስገባሁትም። በእርሳስ ነው የጻፍኩት።