የተመረመረው ሰውዬ የት አለ?

ባለፈው ሳምንት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እህቴ ከመገናኛ ወደ አያት ለመሄድ ሜትር ታክሲ ጠራች። ስልኳ ላይ የወጣው ፎቶ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ጎልማሳ ነው። የመጣው ግን ገና ፂሙን በቅጡ ያላበቀለ ልጅ። ሰሌዳው ልክ ነው። መኪናዋም ያቺው ነጭ ቪትዝ ናት። "ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ የት አለ?" ብትለው፣ "አጎቴ ነው፣ ማታ ማታ እኔ ነኝ የምሠራባት" አላት። አልገባችም።

በነጋታው ታክሲውን የሚያገናኘው ድርጅት ጋ ደወልኩ። "አያስቡ፣ መኪናው የት እንዳለ በጂፒኤስ እናያለን" አሉኝ።

እንዴት አላስብም? ጂፒኤስ መኪናው የት እንደቆመ ይናገራል። መሪውን የያዘው ማን እንደሆነ አይናገርም። አንድ ነገር ከተፈጠረ በኋላ ፖሊስ መኪናውን እንዲያገኝ ይረዳ ይሆናል። እኔ ለእህቴ የምፈልገው ግን ነገሩ ከነጭራሹ እንዳይፈጠር ነው።

ነገሩን እኮ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለመኪናው መንጃ ፈቃዱንና ሊብሬውን ያቀርባል። አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያወጣል። ይመዘገባል። ከዚያ መኪናውን ከነአካውንቱ ለሌላ ሾፌር ያስረክብና "በቀን ይህን ያህል ገቢ አምጣ" ይለዋል። ሾፌሩ በወሩ ይለቃል፣ ሌላ ይተካል። አሻራ የሰጠው ሰውዬ ቤቱ ቁጭ ብሏል። እኛን ይዞ የሚዞረው ማንም ያልመረመረው ሰው ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ወረቀት የተሰበሰበው ለማን ነው? ለመኪናዋ?

ለንደን ይህንኑ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የከተማዋ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የታክሲ አገናኙን ድርጅት የኡበርን ፈቃድ አላድስም ያለበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። 43 ሾፌሮች ፎቷቸውን በሌላ ሾፌር አካውንት ላይ እየጫኑ ቢያንስ 14 ሺህ ጉዞ ሠርተው ነበር። እነዚያ መኪኖችም ጂፒኤስ ነበራቸው። ምን አዳነ?

"የልጁን እንጀራ ልትዘጋበት ነው ወይ?" የሚሉኝ አሉ። በጭራሽ። ይሥራ። ግን በራሱ ስም ይመዝገብ፣ የራሱን አሻራ ይስጥ፣ የራሱ ፎቶ ይውጣ። ሾፌሮችም በተሳፋሪ እጅ ተዘርፈዋል፣ ተገድለዋል። ይህ እውነት ነው፣ ያማልም። ያ ልጅ አንድ ሌሊት ሳይመለስ ቢቀር ግን ድርጅቱ ማን ጠፋ ብሎ ነው የሚፈልገው? በመዝገቡ ላይ ያለው አጎቱ ነው። አጎቱ ደግሞ ቤቱ ተኝቷል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ሾፌሩ ሥራ ሲጀምር ፊቱን በስልኩ ያንሳ። ከተመዘገበው ፎቶ ጋር ካልገጠመ ጥሪ አይግባለት። በየጉዞው ኮሚሽኑን ሳንቲም ሳይስት የሚቆርጥ ድርጅት ይህን ማድረግ አቃተኝ ቢለኝ አላምነውም። አልፈለገም እንጂ አላቃተውም። ትራንስፖርት ቢሮም ግዴታ ሊያደርገው ይገባል፣ ያውም ዛሬ።

እህቴ ያን ማታ ሌላ መኪና እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት መንገድ ዳር ቆማለች። የልጁ ጉዞ "በተሳፋሪ የተሰረዘ" ተብሎ በእሷ ስም ተመዝግቧል።